ፎጣ የጠመጠመችው ደንበኛ

ክረምት ለፀጉር ቤት ክፉ እንግዳ ነው፤ ሳይጋበዝ ይመጣል፣ ሂድ ቢሉት አይሄድም። ሴቱ ሁሉ ፀጉሩን በሻሽ ጠቅልሎ እቤቱ ይከተታል። ዛሬ አምሮበት ነገ ዝናብ ለሚያፈርሰው ፀጉር ማን ይደክማል? ሙሽሮቹም ቢሆኑ ሠርጋቸውን ለፀሐዩ ወራት ያቆዩታል። በዚያው ሰሞን ታዲያ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲ ገበያው ይደራል፤ ሳሉም ጉንፋኑም የሆድ ቁርጠቱም እዚያ ይሰለፋል። ሁለቱ ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጠው፣ አንዱ ሲሞቅ ሌላው እየቀዘቀዘ ዓመታት ኖረዋል።

ንቢት ግን ቀዝቅዞ መቀመጥ አታውቅበትም። ስሙን ያወጣችላት የፀጉር ቤቱ ባለቤት አክስቷ ናት፤ ልጅቱ ቁጭ ስትል አይታ ስለማታውቅ። አሁን አሁን ደንበኞቹም የሰፈሩ ባለሱቆችም ሌላ ስም ያላት አይመስላቸውም።

ፍቅሯ የጀመረው በእጆቿ ነው። በበጋው የሥራ ብዛት የፀጉር ቀለሙ ጣቶቿን ሰነጣጥቆ ደም ሲያወጣባቸው፣ መንገዱን ተሻግራ ቅባት ልትገዛ ሄደች። ወጣቱ ፋርማሲስት መደርደሪያውን ሳይሆን እጆቿን አየ። ብዙ አየ። ከዚያ ራሱ ቅባት ቀምሞ ሰጣትና በየሳምንቱ እየመጣች እንድታሳየው አዘዛት። እጆቿ ቶሎ ዳኑ። ማሳየቱ ግን አልቆመም፤ እሷም ድኛለሁ አላለችም፣ እሱም ድነሻል አላላትም።

ነገሩ እናቱ ጆሮ ገባ። ሰፈሩ “እትዬ ፋርማሲ” የሚላቸው እኚህ ሴት ፋርማሲውን በሁለት እጃቸው ያቆሙ፣ ልጃቸውን ብቻቸውን ያስተማሩ፣ ከባንኮኒው ጎን ባለች ወንበራቸው ላይ ሆነው መንገዱን ሁሉ የሚቃኙ ናቸው። የፀጉር ቤት ልጅ ሥራ ሲኖር ትሠራለች፣ ሥራ ሲጠፋ ቁጭ ብላ ሰው ታማለች፣ ልጄን ለእንዲህ ያለች አልድርም አሉ። ቃሉ መንገዱን ተሻግሮ ንቢት ጋ እስኪደርስ ትንሽ ሳይወፍር አልቀረም። ቢወፍርም ባይወፍርም ልቧን ወጋት።

ያን ሰሞን ፋርማሲስቱ በር ላይ አገኛትና፣ “እናቴን ላነጋግራት። ከዚያ መጥቼ እነግርሻለሁ፤ በስልክ የሚባል ነገር አይደለም። ደንበኛ በማይኖርሽ ሰዓት እመጣለሁ” አላት። ደንበኛ በማይኖርሽ ሰዓት ያለው ያለ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ሳያስበው ዘው ብሎ ገብቶ፣ ፀጉሯን በትና የተቀመጠች አንዲት ወይዘሮ ጩኸቷን አቅልጣዋለች። አክስት ትከሻውን ይዛ ወደ በሩ አዞረችውና፣ ወንበሩ ላይ ሴት ካለች ሁለተኛ ደፏን እንዳይረግጥ አስማለችው። እሱ ደግሞ ከማለ ማለ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ንቢት ደስ አላት። ደንበኛ የሚጠፋበት ሰዓት ሳይሆን ደንበኛ የሚጠፋበት ወቅት መጣላት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሻሿን ታስተካክል ነበር።

አልመጣም።

አክስት ለክረምት የራሷ ደንብ አላት። ባዶ ወንበር በመስኮት ከታየ አላፊ አግዳሚው ምን ጎድሏቸው ይሆን እያለ ያልፋል ብላ ታምናለች። ስለዚህ ገበያ ሲቀዘቅዝ የመለማመጃዋ ጭንቅላት ከጓዳ ትወጣለች። ፊቷ ፕላስቲክ፣ ፀጉሯ ግን የእውነት ፀጉር ነው። ስሟ ሙሽሪት ይባላል። ሙሽሪትን መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ጀርባዋን ለመንገዱ አሰጥተው ይተክሏታል፤ ከሥሯ ትራስ ይደግፉላታል፣ የደንበኛ ልብስ ያለብሷታል፣ ከፀጉሯ ላይ እጃቸውን ሲያነሱ ደግሞ ፎጣ ይጠመጥሙላታል። ለውጭ ሰው፣ ይልቁንም እንፋሎት መስታወቱን ሲያደበዝዘው፣ ተራዋን የምትጠብቅ ጨዋ ሴት ናት። አክስትና ንቢት ከመልመዳቸው ብዛት ሙሽሪት ሰው መምሰሏን ራሱ ረስተውታል።

ንቢት ያን ክረምት ያጣችው ደንበኛ እንጂ ሥራ አልነበረም። ማበጠሪያውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈተገች፣ የፀጉር ማድረቂያውን ፈታታ ከውስጡ የዓመት ፀጉር አወጣች፣ ግድግዳውን ቀባች። ከጠፉ የቆዩ ደንበኞች ጋር እየደወለች ኑልኝ ሳትል እንዴት ከረማችሁ ብቻ ትላለች። ጎንበስ ብለው መታጠብ ያቃታቸውን የሰፈር አሮጊቶች እየጠራች በነፃ ታጥባቸዋለች፤ እነሱም እየመረቋት ይሄዳሉ። በቀረው ጊዜ ሁሉ ሙሽሪት ላይ የሠርግ ፀጉር ትለማመዳለች። በበጋ ሙሽሮችን አክስቷ ናት የምትሠራቸው፤ የንቢት እጅ ለዚያ ሥራ ገና ነበር። እንባ የሚመጣው እጅ ሥራ ሲፈታ ነው ብላ እጇን ሥራ አላስፈታችውም።

አንድ ቀን ስልኳ ጮኸ። እሱ ነው። ለምን እንደማይመጣ ጠየቀችው። “ሥራ በዝቶብሻል” አላት። “ስትፈቺ እመጣለሁ።”

ንቢት ስልኩን እንደያዘች ዙሪያዋን አየች። ከጠዋት ጀምሮ ያንን ደፍ የረገጠ ሰው አልነበረም። አክስቷ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ አንቀላፍታለች። በባዶ ቤቴ ላይ ቀለደብኝ አለች ለራሷ፤ እናቱ የማትረባ ብላኝ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሥራ ፈት መሆኔን አይቶ አሾፈብኝ። ደህና ዋል እንኳ ሳትለው ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ሲደውል አላነሳችም። እሱም መደወሉን ተወ። ያን ቀን ሆድ ብሷት ሙሽሪትን ስታበጥር ከፀጉሯ ብዙ ነቀለችባት፤ ሙሽሪት ምስኪን ምንም አላለችም።

*

የክረምቱ ማብቂያ ላይ ነው። አክስት ዕቃ ልትገዛ ወጥታለች፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አላባራም። ንቢት ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ እምቢ ያላትን ያንን የሠርግ ፀጉር፣ ከጆሮ ግንድ የሚነሱ ቀጫጭን ጉንጉኖች አናት ላይ ተሰብስበው አበባ የሚሠሩበትን፣ ጨረሰችው። ወደ ኋላ አፈግፍጋ አየችው። አላዘነበለም፣ አልላላም። ዞር ብላ አበጀሁ የምትለው ሰው ፈለገች፤ ሰው አልነበረም።

በዚህ ፀጉር ላይ ፎጣ መጠምጠም ደግሞ ግፍ ሆነባት። ሙሽሪትን አንስታ እንዳትነካካ ጓዳ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻትና ተመልሳ፣ ክረምቱን ሙሉ ያላደረገችውን አደረገች። ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። መስታወቱ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት የደከማት ልጅ አየች፤ አዘነችላት። እጇ ሥራ በፈታበት በዚያች ቅጽበት እንባዋ እንደፈራችው መጣ።

በሩ ሲከፈት አክስቷ መስላት በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች። አክስቷ አልነበረችም። ዣንጥላቸውን በግማሽ ዘርግተው፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው እትዬ ፋርማሲ ቆመዋል። ንቢት ከወንበሩ ተፈናጥራ ተነሣች፤ ቁጭ ብላ መገኘቷ ከሁሉም በላይ አሳፈራት። ክረምቱን ሙሉ ስትለፋ ከርማ፣ ሴትዮዋ ሥራ ፈት ያሏትን ልጅ ሥራ ፈታ አገኟት።

“ዛሬ ገና ወንበሩ ባዶ ሆኖ አየሁ” አሉ እትዬ ፋርማሲ። “ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ ሮጥኩ። ትንፋሼን ልሰብስብ።”

ንቢት ወንበሩን አቀረበችላቸው።  ሴትዮዋ ተቀምጠው በመስታወቱ ውስጥ አዩአት፤ ፊት ለፊት ከማየት ያ ሳይቀላቸው አልቀረም።

“ልጄ ቅዳሜ ይሄዳል። ሌላ ከተማ አዲስ ፋርማሲ ይከፍታል። ሐሳቡ የኔ ነው፤ ካንቺ ላርቀው ብዬ ያመጣሁት ነው። እሱ እምቢ ሲል ከርሞ ሰሞኑን እሺ አለ።”

ንቢት የታጠፈውን ፎጣ ፈትታ መልሳ አጠፈችው። ለምን መጥተው እንደሚነግሯት አልገባትም፤ አለቀ ለማለት ከሆነ ሰው ይልኩ ነበር።

“በየቀኑ ይህን መንገድ ይሻገራል” አሉ ሴትዮዋ ቀጥለው። “በርሽ ድረስ ይመጣል፣ ቆም ይላል፣ ይመለሳል። ምነው ስለው ደንበኛ ይዛለች ይለኛል። ማታ እኛ ሳንዘጋ እናንተ ሄዳችኋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። እሱ የሚያየውን ሳይ ግን እኔም አየሁ። በዚህ ዝናብ፣ የኔዎቹ ሠራተኞች እንኳ ሰው ፋታ ሲሰጣቸው ስልካቸው ላይ ሲተከሉ፣ አንቺ አንድ ቀን ተቀምጠሽ አላየሁሽም። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ካንተ ቤት መድኃኒት የዚያች ልጅ እጅ ይሻለናል እያሉ ልጄን ይተርቡታል። ስለ ፀጉር ቤት ልጅ ምን እንዳልኩ ሰምተሻል። ያልኩትን ላነሣ ነው የመጣሁት።”

ንቢት ጆሮዋን ማመን አቃታት። ደስታው ገና ልቧ ሳይደርስ ሌላ ነገር ቀደመው። ደንበኛ ይዛለች? የቱን ደንበኛ? ዓይኗ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ጓዳው በር ሄደ። ሥራ በዝቶብሻል ያላት ቀልዶ አልነበረም። አምኖ ነው። በር ላይ እየቆመ፣ ዝናብ እየደበደበው፣ ወንበሩ ላይ ሴት አለች ብሎ መሐላውን አክብሮ ነው የሚመለሰው። እሷ ደግሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግታበታለች።

ከዚያ ደግሞ ፍርሃቱ መጣ። እኚህ ሴት ያከበሯት በዚያች ወንበር ላይ ባዩት ነገር ነው። ያዩት ግማሹ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ አክስቷ አታወራ፣ ሙሽሪት አፍ የላት። እግዜር ይስጥልኝ ብላ እጃቸውን ብትስም ነገሩ ሁሉ እዚያው ያምር ነበር። ማታለል የወደዱ ሰዎች ብለው ሻሻቸውን አጥብቀው ቢወጡስ? ቅዳሜ ቅርብ ነው።

“እትዬ” አለች።  “ያቺ ፎጣ የጠመጠመችው ደንበኛ ሰው አይደለችም።”

እትዬ ፋርማሲ ዞር አሉ። ንቢት ቃል ከምትጨምር ብላ ጓዳ ገባችና ሙሽሪትን አቅፋ ወጣች፤ መስታወቱ ፊት አቆመቻት። “አክስቴ ወንበሩ ባዶ መስሎ እንዳይታይ ነው የምታስቀምጣት። እኔ ደግሞ እለማመድባታለሁ። ከአሮጊቶቹ በቀር ክረምቱን ሰው አልነበረንም። ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልዎ፤ ያዩት ልክ አይደለም።”

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ከፕላስቲኩ ፊት ወደ ፀጉሩ ወጣ። ጣታቸውን ዘርግተው ከጆሮው ሥር የተነሣውን ቀጭን ጉንጉን ተከትለው እስከ አናት ወጡ፣ አበባውን ዞሩት።

“ይህን ለማን ነው የሠራሽው?”

“ለማንም።”

“ማን ያይልኛል ብለሽ?”

“ማንም አያይልኝም ነበር። እጄ እንዲለምደው ብዬ ነው። ለበጋው።”

እትዬ ፋርማሲ ከንፈራቸውን ነከሱ። ንቢት ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነበር። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “እኔ ልጄን ካንቺ ለማስቀረት ስንት ዘዴ ሳወጣ፣ ይህቺ ያለ አፍ ያለ እጅ ክረምቱን ሙሉ በር ላይ ስታቆምልኝ ከረመች” አሉና እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ሳቁ ሲያልቅ ፊታቸው ለስለስ ብሎ ነበር። “ባትነግሪኝ እኮ አላውቅም ነበር።”

“እኔ ግን አውቀው ነበር፣ እትዬ።”

ይህን ሲሰሙ ሴትዮዋ ወደ መስታወቱ ተመለሱና በዝግታ ሻሻቸውን ፈቱ።  ፀጉራቸው ሳስቷል፤ በአናታቸው በኩል የራሳቸው ቆዳ ይታያል። ባለፈው ዓመት የያዛቸው ሕመም ፀጉራቸውን እንዳራገፈው፣ ሰው በሞላበት ቤት ገላልጠው መቀመጥ ሞት እንደሆነባቸው ነገሯት። “እኔም ባዶ ሰዓት ስጠብቅ ነበር” አሉ። “ለልጄ ብቻ ብዬ መጣሁ ብልሽ ውሸት ነው። አንቺ እውነቱን ከተናገርሽ እኔስ ለምን እዋሻለሁ።”

ንቢት የደንበኛ ልብሱን አለበሰቻቸው። ውኃውን በክንዷ ለካች፣ አንገታቸውን ደግፋ ራሳቸውን አስተኛችና የእናቷን ራስ እንደምታጥብ አድርጋ አጠበቻቸው። ፀጉሩ እዚያ ያልሳሳ ያህል ጣቶቿ አናታቸው ላይ ቀስ ብለው ሲመላለሱ ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጇ እንዴት እንደሚለሰልስ ሲደነቁ፣ “ልጅዎ ነው ያዳነልኝ” አለቻቸው። እትዬ ፋርማሲ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ከልብሱ ሥር አውጥተው የንቢትን ክንድ ያዝ አደረጉ።

ንቢት ፎጣውን ጠመጠመችላቸው፣ ቀና አድርጋ አስቀመጠቻቸው። የቀረውን አሳጥራ ብትቆርጠው እንዴት እንደሚሞላላቸው እያስረዳች ሳለች፣ እትዬ ፋርማሲ በመስታወቱ ውስጥ ከኋላቸው የሆነ ነገር አዩና ዝም አስባሏት።

“ያው መጣ” አሉ። “ያው ደግሞ ሊመለስ ነው።”

በደበዘዘው የበሩ መስታወት የሚታየው ጥላው ብቻ ነበር። ነጭ ጋውኑን ከዝናቡ ለመሸሸግ ኮት ደርቦበታል። አጮለቀ፣ ፎጣውን አየ፣ ትከሻው ዝቅ አለ። ዞረ።

“ካንቺ ላርቀው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ብጠራው አያምርም። አንቺ ጥሪው” አሉ እናቱ። “ምን ይገትርሻል?”

ንቢት እጇ ላይ ሳሙናው እንዳለ፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ አንዱ ደፉ ላይ እንደቀረ ወጣች። አስፋልቱ መሐል ደረሰችበት። ዝናቡ ሁለቱንም ይመታቸዋል፤ አንድ መኪና ጥሩንባ እየነፋ ዞሯቸው አለፈ።

“ደንበኛ ይዘሻል” አላት። ቂም አልነበረበትም፤ ደክሞታል።

“ይዣለሁ። ዛሬ ይዣለሁ። ከዚያ በፊት ግን አልነበረኝም። በየቀኑ ያየሃት የመለማመጃዬ ጭንቅላት ናት።”

“የመለማመጃ?”

“ፕላስቲክ ናት። ሥራ በዝቶብሻል ስትለኝ የቀለድክብኝ መስሎኝ ነው የዘጋሁብህ። ቤቱ ባዶ ነበር። አንተን ነበር የምጠብቀው።”

ማንበብ የተሳነው የሐኪም ጽሑፍ እንደመጣበት ሰው አያት። ቀስ እያለ ገባው፤ ሲገባው ዓይኑ ውኃ ሞላ። “እኔ እኮ ያቺን ሴትዮ ጠላኋት” አለ። “ክረምቱን ሙሉ ከወንበርሽ አልነሣ ያለች ሴት ብዬ ጠላኋት።”

“ምን ልትነግረኝ ነበር የምትመጣው? በስልክ የማይባለው?”

“እናቴ እምቢ አለች፣ እኔ ግን አልተውሽም ልልሽ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የመጣሁት ለሱ ነው። ስልኬን ማንሳት ስትተዪ ደግሞ አልፈለግሽኝም ብዬ ለመሄድ እሺ አልኩ።”

ንቢት እዚያው ዝናብ ውስጥ አለቀሰች፤ የቅድሙ ዓይነት ልቅሶ ግን አልነበረም። ያ ቃል ክረምቱን ሙሉ ከበሯ ማዶ ቆሞ ነበር። እሷ ተተውኩ ብላ ማበጠሪያ ስትፈትግ፣ አልተውሽም የሚለው ሰው በየቀኑ ደፏ ድረስ ይመላለስ ነበር። ሳሙና ባለበት እጇ ፊቷን ልትጠርግ ስትል እጇን ያዘው፤ እንደ ልማዱ ገልብጦ መዳፏን አየ።

“ድኗል” አላት።

“ከዳነ ቆይቷል። ግባ።”

“ሴትዮዋስ? ይቺኛዋ የእውነት ናት አላልሽም? ምያለሁ እኮ።”

“የእውነት ናቸው። እናትህ ናቸው። ግባ አሁን፤ ራሳቸው እርጥብ ነው፣ ብርድ ይመታቸዋል።”

እግሩ ደፉ ላይ ሲደርስ ተሳሰረ። እትዬ ፋርማሲ ፎጣቸውን እንደጠመጠሙ፣ ወደ እሱ ሳይዞሩ በመስታወቱ አዩት። በሩን እንዲዘጋ፣ ያን የረጠበ ኮት አውልቆ እንዲሰቅል፣ ለአዲሱ ፋርማሲ ደግሞ ነገ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ነገሩት፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽና በአንድ ድምፅ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ፎጣ አቀብላት። ሰው ቁሞ ከሚያይ ይሥራ” አሉ፤ የኋለኛው ለማን እንደሆነ ግን አልታወቀም፤ ለሙሽሪትም ሊሆን ይችላል።

ደረቅ ፎጣ አቀበላት። ስትቀበለው ጣቶቻቸው ተነካኩ፣ ሁለቱም እናትየው እንዳላዩ መሰላቸው። ንቢት መቀሱን አነሣች። ከዓመቱ ወራት ሁሉ የምትጠላው ክረምት ነበር፤ እንጀራ ያጣችበት፣ ያለቀሰችበት፣ ብቻዋን የሠራችበት። በልቧ ተመስገን ስትል ያመሰገነችው ግን ስለዚያው ስለ ክረምቱ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ እናቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ጥለውባታል፤ እሱ ማበጠሪያ ይዞ ከጎኗ ቆሞ፣ መቼ እንደምትጠይቀው ይጠብቃል። ማበጠሪያው ገና ለረጅም ጊዜ አያስፈልጋትም ነበር። አስቀምጠው ግን አላለችውም።